ፌኒ የተንበረከከችበት ቅዳሜ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ ለጀሊላ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን ከርመሻል እታለም? ያ የወገብ ሕመምሽ ለቀቀሽ ወይ? እማማስ ዓይናቸው ተሻላቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ማቶኬ የሚሉት የሙዝ ገንፏቸው አወፍሮኛል፣ ብታዪኝ ትስቂያለሽ። በስልክ እማማን ብቻ እየጠየቅኩ ስዘጋ፣ አንቺን ሳላናግር ይኸው ሁለት ዓመት ሞላኝ። ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። አሁንም በስልክ ልበልሽ ብል አፌ እሺ አላለኝም፤ ስለዚህ ብዕር አነሳሁ።

ካለፈው ረመዳን ወዲህ ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። የጅማው ሰው ጋሽ ሉቅማን ካባላጋላ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር ባላቸው ሱፐርማርኬት አስራ አንድ ሠራተኛ ሰጡኝ። ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ! ጊዜው ያለፈበት ወተት መደርደሪያ ላይ ቢቀር የምጠራው እኔ ሲቲና፣ ደንበኛ ቢቆጣ እኔው ሲቲና። ሦስት ቀን ያረፈደ ሠራተኛ ይቀጥል አይቀጥል የምወስነውም እኔው ነኝ።

ፌኒ የምትባል ካሸር አለችን። የዚሁ አገር ሴት ናት፣ በዕድሜ አንቺን ታክላለች፤ እጇ ቀልጣፋ፣ አፏ ቁጥብ። ልጇ ታሞባት ሦስት ቀን አረፈደች። ቅዳሜ ዕለት ልትለምነኝ መጣችና፣ ሱቁ በገበያተኛ ግጥም ባለበት ሰዓት፣ ዘይት መደርደሪያው ጋ እጇን አጣምራ እፊቴ ተንበረከከች። የዚህ አገር ሴት ስታከብርም ስትለምንም እንዲህ ነው፤ አደባቸው፣ ሥርዓታቸው ነው። መንገድ ላይ አይቼዋለሁ፤ በእኔ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። ለአላህ እንጂ ለሰው መንበርከክ አለ እንዴ? ያውም በዕድሜ ታላቄ! «አስተግፊሩላህ! ተነሽ!» ብዬ ጮኽኩባትና እንባዬ እንዳይታይብኝ ፊቴን አዙሬ መጋዘን ገባሁ።

ስመለስ የሥራ ልብሷን አጣጥፋ ሒሳብ መቀበያው ላይ ትታ ሄዳለች። ስልኳ ዝግ። እኔ ሞኟ፣ ልማራት ሳስብ ጥላኝ ሄደች ብዬ ተናደድኩ። ዘበኛችን ጆኒ ነው የነገረኝ፤ ተንበርክኮ ከሚለምን ሰው ፊት ማዞር ማባረር ነው አለኝ። እኔ ያከበርኳት መስሎኝ፣ ለካ አዋርጃታለሁ።

ሰኞ ጠዋት ቦዳ ሞተር ተሳፍሬ ጋባ ወደሚባለው ሰፈር ወረድኩ፤ ቤቷ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ነው። ልጇ ተሽሎታል። ስታየኝ እንደገና ልትንበረከክ ስትል ቀደምኳትና መሬቱ ላይ ዘጭ አልኩ። ሳቋ አመለጣት፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ተመለሽ ብላት፣ እመለሳለሁ፣ ግን የጮኽሽብኝ ሰው ፊት ነውና ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን አለችኝ። እውነቷን ነው። ጋሽ ሉቅማን ይህን ስነግራቸው ሠራተኛው ይንቅሻል፣ ሥራሽንም ታጪያለሽ አሉኝ፤ የመጣው ይምጣ አልኩ። እዚያው ዘይት መደርደሪያው ጋ፣ ሁሉም እየሰማ፣ አጥፍቻለሁ አልኳት። ሁለት እጄን ያዘችኝ። ጋሽ ሉቅማንም ሥራዬን ሳይነኩብኝ ቢሯቸው ገቡ።

የፌኒ ነገር እንዲህ አለቀ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ወደዚህ ስመጣ፣ ደሴ መናኸሪያ፣ አውቶቡሱ መስኮት ስር ቆመሽ፣ እማማ፣ ባለቤትሽ አህመድና ልጅሽ ሃሩን እያዩ፣ የቋጠርሽልኝን በሶ ወደ ላይ ዘርግተሽ «ክፉ ተናግሬሻለሁ፣ አፉ በይኝ» ስትይኝ፣ ፊቴን ወደ ወዲያኛው መስኮት አዞርኩብሽ። በሶውም እጅሽ ላይ ቀረ። አይ እኔ!

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። አህመድን ሰላም በይልኝ፤ ያ አስቸጋሪው ሃሩን ቁርኣኑን እንዳያቋርጥ ንገሪልኝ። ከዚያ ሦስቱንም ሰብስቢና የቀረችውን መስመር ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ፊቴን ያዞርኩብሽ እነሱ ፊት ነውና።

እታለም፣ አፉ በይኝ።

እህትሽ ሲቲና
ካምፓላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.