የእማማ ዘሐራ ጫማ

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.፣ ካይሮ

እዚህ የሚኖር ልጃቸውን ሊጠይቁ ከወሎ መጥተው እግራቸውን ታመው እኛ ሆስፒታል የተኙት እማማ ዘሐራ ዓረብኛ አያውቁም። በሆስፒታሉ አማርኛ የምችል ነርስ እኔ ብቻ ነኝ። ዶክተሩ ዛሬ «ግራ እግራቸው እንደሚቆረጥ ነግረሽ አስፈርሚያቸው» አለኝ። ልጃቸው ግን በር ላይ ይዞኝ «እህቴ፣ ማሌሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ መርዶ እንዲህ በድንገት አይነገርም፤ እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» ብሎ ለመነኝ። እኔም «እግርዎን ሊያክሙልዎ ነው» አልኳቸው። «አንቺ ካልሽ እሺ ልጄ» ብለው በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

አስተርጓሚ ነኝ ብዬ ገብቼ መርዶ ሸሻጊ ሆኜ ወጣሁ።

ኦፕራሲዮኑ ነገ ጠዋት ነው። ከሥራ ስወጣ ጠሩኝና «ጫማዬን አደራ፤ ድኜ ስወጣ የማደርገው እሱን ነው» አሉኝ። ግራና ቀኙን ወልውዬ ከአልጋው ሥር አስቀመጥኩላቸው።