ዕድሜያቸውን ከቀለጠ ብረት ፊት ያሳለፉት አቶ ገላና ኦሊቃ (1953–2017 ዓ.ም.)

አቶ ገላና ኦሊቃ ከአባታቸው ከአቶ ኦሊቃ ፈዬራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጂቱ ቡልቶ በ1953 ዓ.ም. በቡልቡላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ በቡልቡላ ገበያ እህል ይነግዱ ነበር። ዘመዶቻቸው የልጅነታቸውን ነገር ሲያነሡ ቀድመው የሚያስታውሱት ዝምታቸውን ነው። እናታቸው ወይዘሮ ጂቱ፣ ገላና አፉን ከከፈተ ወይ ርቦታል ወይ አንድ ነገር ሊፈርስ ነው ይሉ እንደነበር ታናናሾቻቸው እስከ ዛሬ እየሣቁ ይናገራሉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በቡልቡላ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው ኩየራ ሚሲዮን ገቡ። እዚያም ከክፍል መልስ የሚሲዮኑን ላሞች እያለቡ ተማሩ። ጌታን የተቀበሉትም በዚያው በኩየራ ነው። በ1972 ዓ.ም. የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ቼኮስሎቫኪያ በመሄድ የብረታ ብረት ምህንድስና አጠኑ። የቀለጠ ብረት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ዕለት ተደንቀው ቆመው በመቅረታቸው፣ አስጎብኚው ኮታቸውን ይዞ ወደ ኋላ እንደጎተታቸው ለልጆቻቸው ደጋግመው አውርተዋል።

በ1978 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው አቃቂ በሚገኝ አንድ የብረት ፋብሪካ ተቀጠሩ። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት እጃቸውን ፍንጣሪ አቃጠላቸው። አንድ ቅዳሜ አክስታቸውን ለመጠየቅ ናዝሬት መጥተው ሳለ ቁስሉን ያሸገችላቸው አንዲት ወጣት ነርስ ነበረች። በሚቀጥለው ሳምንት ፋሻ ለማስቀየር ከአቃቂ በባቡር መጡ። በሚቀጥለውም እንዲሁ መጡ። በመጨረሻ ነርሷ፣ ቁስሉ ከዳነ ሰነባብቷል፤ አቃቂ ላይስ ፋሻ የለም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አቶ ገላና መልሱን በሳምንቱ በሽማግሌ ላኩ። ያቺ ነርስ ወይዘሮ ፋና ናቸው። በ1982 ዓ.ም. ተጋብተው አዶኒያስን፣ አበባንና ጫላን አፍርተዋል።

በ1999 ዓ.ም. በአዳማ ዳርቻ አዲስ የብረት ፋብሪካ ሲቋቋም አቶ ገላና የማቅለጫውና የማፍሰሻው ክፍል ኃላፊ ሆነው ተመደቡ። ከየመንደሩ የተሰበሰበው ቁርጥራጭ ብረት እዚያ ይቀልጣል፤ ከዚያም በውሃ በሚቀዘቅዝ የመዳብ ፎርማ ውስጥ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ቆዳው ጠንክሮ ስስ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲወጣ፣ ሳይቀዘቅዝ በዚያው ትኩሳቱ በሮለሮች መካከል እየተዳመጠ አልፎ እንደ ጥቅል ጨርቅ የሚጠመጠም ቀጭን ላሜራ ይሆናል። በአዳማና በአካባቢዋ የብዙ ቤቶች በርና መስኮት የተሠራበት ቱቦላሬ ከዚያ ላሜራ የወጣ ነው። ሥራቸውን በጣም ይወዱ ነበር። ቤት ውስጥ ግን ሻያቸውን በደንብ ሳይቀዘቅዝ አይጠጡም፤ ትኩስ ነገር በሥራ ይበቃኛል ይሉ ነበር።

የሮለሩ ክፍል ኃላፊ ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙት አቶ መሐመድሰዒድ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት አልተስማሙም። ላሜራው ከዳር ዳሩ እየተሰነጠቀ ይበላሽ ነበር። አቶ መሐመድሰዒድ ብረቱ ከማፍሰሻው ታሞ ነው የሚመጣው ይላሉ፤ አቶ ገላና ደግሞ በጤና የላክሁትን ሮለሩ ነው የሚሰነጥቀው ይላሉ። ክርክራቸው በየስብሰባው ስለሚነሣ ሠራተኛው መቀመጫውን ቀድሞ ያመቻች ነበር።

በ2005 ዓ.ም. የመዳቡ ፎርማ ሳሳ። አዲሱ ታዞ ገና ጅቡቲ ነበር። ትልቅ የቱቦ ትእዛዝ ስለነበረ ሥራ አስኪያጁ፣ አዲሱ እስኪደርስ በአሮጌው እንቀጥል አሏቸው። አቶ ገላና መዳቡ ቢቀደድ ውሃውና የቀለጠው ብረት ተገናኝተው እንደሚፈነዱ፣ ከፎርማው አጠገብ የሚቆሙትም ሰዎች እንደማይተርፉ አስረዱ። ሥራ አስኪያጁ እርስዎ ካልፈለጉ ሌላ ሰው ያፈስሳል ሲሏቸው አቶ ገላና እንዲህ አሉ፦

«ሰው ይተኩ፤ መብትዎ ነው። እኔ ግን በዚህ ፎርማ ሥር የሰው ልጅ አላቆምም።»

ከዚያም የራስ ቁራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ማንም ያልጠበቀው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አቶ መሐመድሰዒድ ወሬውን ሲሰሙ ሮለሩን አስቆሙ፤ ሥራ አስኪያጁም ምክንያቱን ጠየቋቸው።

«ከገላና ጋር ስድስት ዓመት ተጣልቻለሁ» አሉ። «ሲዋሽ ግን አልያዝሁትም። እሱ ያላፈሰሰውን ብረት አልዳምጥም።»

ሁለቱም ከሥራ ተሰናበቱ። ሌሎች ተተክተው በአሮጌው ፎርማ አፈሰሱ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ፤ ምንም አልተፈጠረም። ለአቶ ገላና በከተማው «ፈሪው ኢንጂነር» የሚል ስም ወጣላቸው። ወይዘሮ ፋና ይህን ገበያ ላይ ሰምተው በንዴት እያለቀሱ ወደ ቤት ገቡ። አቶ ገላና በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ፋና፣ ሰው አልተቃጠለም አይደል?» አሏቸው። «እኔስ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ተሳስቼ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ይህን ሲሉ ልጃቸው አበባ ሰምታለች፤ ይህንንም ታሪክ የጻፈችው እርሷ ናት። ሲናገሩ ምንም ምሬት አልነበረባቸውም። በየማታውም ለዚያ ማፍሰሻ ሠራተኞች በስም በስማቸው ይጸልዩ ነበር።

በዚያ የሥራ ፈትነት ጊዜ አቶ መሐመድሰዒድና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሃራ ቤተሰቡን ላንጋኖ ጋበዙ። ሁለቱ ሰዎች ገና ከመኪና ሳይወርዱ ያንኑ የስንጥቅ ክርክር ጀመሩ። ሐይቁ ዳር ቁጢጥ ብለው ማሽኑን በእንጨት አሸዋው ላይ ሣሉት። ዓሣው ቀረበ፤ ቀዘቀዘ፤ ልጆች በሉት። እነርሱ ግን ያን ቀን የደረሱበት ነገር ለዓመታት ያጣላቸውን ፈታው። ጥፋቱ ከማፍሰሻውም ከሮለሩም አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል ብረቱ ላይ የሚረጨው ውሃ የጠፍጣፋውን ዳር ከመሐሉ አብልጦ ያቀዘቅዘው ነበር። የቀዘቀዘ ዳር ደግሞ ሲዳመጥ ይሰነጠቃል። ለካ ሁለቱም ስለ ራሳቸው ክፍል የተናገሩት እውነት ኖሯል። ወይዘሮ ዘሃራ ያን ዕለት ከምሳ ይልቅ ሣቅ እንደበሉ ይናገራሉ።

አዲሱ ፎርማ ደርሶ አሮጌው ሲፈታ በመዳቡ ጀርባ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገላና ቤት ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሁለቱንም እንዲመለሱ ለመኑ። አቶ ገላና ደመወዝም ማዕረግም አላነሡም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማፍሰሻው ላይ የቆመ ማንኛውም ሠራተኛ አደጋ ከታየው ማሽኑን እንዲያቆም፣ ስላቆመም እንዳይቀጣ። ይህ ተፈቀደ። ከተመለሱም በኋላ በዳር በኩል ያሉትን የውሃ መርጫዎች ዘጉ፤ ላሜራውም ንጹሕ ሆኖ መውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው ጥቅል ሲጠመጠም ሁለቱ ተቃቅፈው መቆማቸውን ያዩ ሠራተኞች ዛሬ እዚህ በመካከላችን አሉ።

አቶ ገላና በ2013 ዓ.ም. በጡረታ ከተገለሉ በኋላ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው በሽማግሌነት አገልግለዋል፤ የተጣሉ ባልና ሚስትም አስታርቀዋል። በሽምግልናም ብዙ አይናገሩም ነበር። ሰዎቹ ራሳቸው ተናግረው እስኪደክሙ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ የቀዘቀዘ ሻያቸውን ጠጥተው አንድ ነገር ይላሉ።

በ2015 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተያዙ። ለኩላሊት እጥበት በሚመላለሱበት ጊዜ ሁሉ አቶ መሐመድሰዒድ በራሳቸው መኪና ያደርሷቸው ነበር፤ እስኪጨርሱም ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ይከራከሯቸው ነበር። በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው በአዳማ በመኖሪያ ቤታቸው፣ ቤተሰባቸው ከቧቸው በሰላም አረፉ።

አቶ ገላና ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፋናን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ወንድሞቻቸው አቶ አማኑ ኦሊቃ፣ አቶ ፈዬራ ኦሊቃ እና አቶ መሐመድሰዒድ ናቸው። የመጨረሻው ስም በስሕተት አልገባም፤ ቤተሰቡ ተመካክሮ በዚህ ተራ አስቀምጦታል።

አባታችን በሕመማቸው ሰሞን፣ ስቀበር ታሪኬን አታርዝሙት፤ የአዳማ ፀሐይ ከባድ ነው፤ ሕዝቡን አታቁሙብኝ ብለውን ነበር። ስለዚህ እዚህ ላይ እናበቃለን። ሰውን ሁሉ ከእሳት ሲያርቁ የኖሩትን እኚህን አባት፣ የሰማዩ አባት ጥላው ወዳለበት ያስገባቸው፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።