ለምርመራ ጣቢያው ኃላፊ፦ በግቢዎ ስለታሰረችው ዘይት አፍሳሽ ሞተር ብስክሌቴ

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልሁ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ጣቢያዎ ሰልፍ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ የምሠራ ጫማ ሰፊ ነኝ። ንብረቴ ከአባቴ የወረስኋት አሮጌ ሞተር ብስክሌት፣ ዘመዴ ደግሞ ታላቅ እኅቴ ናት። እኅቴ አዋላጅ ስትሆን፣ ምጥ የያዛት እናት ባለችበት ሁሉ ከኋላዬ ተፈናጥጣ ትደርስ ነበር።

ሞተር ብስክሌቴ ዘይት ታፈሳለች፤ አልክድም። በዚያ ዕድሜ የማያፈስ ማን አለ? ጣቢያዎ ይህን ደርሶበት ከመንገድ ቢያግዳትም አልተቀየምሁም፤ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ሰው እንደሚጥል አውቃለሁ። ብዕር ያስነሳኝ ከዚያ በኋላ የተዋለልኝ ውለታ ነው።

አንደኛ፣ መርማሪዎ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፈው ጠብታ ባገኙ ጊዜ፣ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ብጠይቃቸው፣ «እኛ ማፍሰሷን እንጂ የምታፈስበትን አንናገርም» ብለው ስላሰናበቱኝ እጅግ አመሰግናለሁ። በዚህ ምክንያት የሰፈራችን መካኒክና እኔ ሞተሩን በላምባ አጥበን፣ በጨርቅ አድርቀን፣ እኅቴ ለሕፃናት የምትይዘውን ፓውደር ነስንሰንበት፣ የቱ ጋ እንደሚረጥብ አፍጥጠን ስንጠብቅ ዋልን። ከላይኛው ክዳን ኖሯል። መካኒኩ ክዳኑን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ፣ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ ጋስኬት ቀይሮ፣ ቡሎኖቹን ተራ በተራ ቀስ እያለ አጠበቃቸው። እኅቴም «እሰይ፣ አሁንስ ቀሚሴ ተረፈ» አለች።

ሁለተኛ፣ ክዳኑ ደርቆ ስንመለስ መርማሪዎ ከሰንሰለቱ በኩል እርጥበት ስላገኙልን ዓይናቸውን ያብራልን። መካኒኩ «እንደ ጎረቤት ሐሜት ነው፤ እዚህ ስትዘጋው እዚያ ይወጣል» ብሎ ሲፈታታው፣ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በጭቃ ተደፍኖ አገኘው። ምስኪን ሞተር ታፍኖ ነበር ዘይቱን በየስንጥቁ የሚገፋው። ቱቦውን ጠረገው፣ ከሰንሰለቱ ጥርስ ጀርባ ያለውን ያረጀ የጎማ ቀለበትም ለወጠው። ሽቅብ ቁልቁል ነዳኋት፤ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

ሦስተኛውን ውለታ ለመግለጽ ቃላት ያጥሩኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ስንመለስ ከፊታችን የተመረመረው የጭነት መኪና ካርቶኑን በዘይት አጨማልቆት ሄደ፤ መርማሪዎም ያንኑ ካርቶን ሳይቀይሩ የእኔን ሞተር ብስክሌት አስገፍተው አቆሙበት። «ጌታዬ፣ ይሄ ዘይት እኮ ቀድሞም ነበረ» ብላቸው፣ «ካርቶን አይዋሽም» አሉኝ። ወዲያው በግቢዎ በሰንሰለት አሰሯት። ሳትጠገን አትወጣም አሉኝ፤ እሺ፣ መካኒክ ላምጣና እዚሁ ትጠገን ብል፣ በግቢው ውስጥ መጠገን ክልክል ነው አሉኝ። ወደ እርስዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት፤ ብመለስም ስብሰባ ላይ ነዎት። ፈጣሪ ስብሰባዎን ይባርክ።

በዚያው ሰሞን ከወንዙ ማዶ አንድ አባወራ እያለከለከ መጣ። «እትዬ፣ ሚስቴን ምጥ አጣደፋት፤ ድረሽልኝ!» እኅቴ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣችና፣ እንደ ልማዷ ሞተር ብስክሌቷ የምትቆምበትን ባዶ ቦታ አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። የወንዙን የእግር ድልድይ መኪና አይሻገረውም። ሮጥን። ዳገቱ ላይ ስትደክም አዘልኋት፤ እኔም ደከምሁ።

እናቲቱን አተረፈቻት። ሕፃኑ ግን እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ እኛ ሳንደርስ ተወልዶ፣ ሳያለቅስ ቀርቶ ነበር። ስንመለስ እኅቴ እንዲህ አለችኝ፦ «ቀድመን ብንደርስ ይተርፍ ነበር አልልህም። አይተርፍም ነበርም አልልህም።» ቤት ስንገባም የሕፃናቱን ፓውደር ከቦርሳዋ አውጥታ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

ይህን አራተኛ ብዬ አልቆጥረውም።

ክቡርነትዎ፣ ማንን እንደምወቅስ ግራ ገብቶኛል። መርማሪው ደንቡን ይጠቅሳሉ፤ ደንቡ እርስዎን ይጠቅሳል፤ እርስዎ ደግሞ የሉም። እኔም የተቀደደ ጫማ እንጂ የተቀደደ ነገር ሁሉ አልሰፋም። ደብዳቤውን በአደባባይ የጻፍሁት በርዎን ማንኳኳት እጄን ስላደማው ብቻ ነው፤ ድፍረት አይደለም።

በፍጹም አክብሮት፣ መልስዎን በተስፋ ሳይሆን በልማድ የምጠባበቅ፣ በእግሬ የምሄድ ትሑት ታዛዥዎ፣
ጫማ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ትናንት በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ አየኋት፤ ከሥሯ ያለው መሬት ደረቅ ነው። ደስ ብሎኝ ጥበቃውን ብጠይቀው፣ ዘይቷን ለጣቢያው ጄኔሬተር ቀድተው እንደወሰዱት ነገረኝ። እንግዲህ ማፍሰሷን ስላቆማችሁልኝ፣ ምርመራውን አልፋለች ብዬ የሚያመጣት ሰው ልላክ ወይስ ስብሰባዎ እስኪያልቅ ልጠብቅ?