ጠይቆህ ነበር

ለወንድሜ ለምንይችል ኪዳኔ፣

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ቤትህ እንዴት ነው? ሕሊናስ እንዴት ናት? ልጃችሁን ቤዚን ያ ሳል ለቀቃት ወይስ አሁንም ሌሊት ያስነሳታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን ከመሳም አልቀረችም። አባባም ሰውነቱ ደኅና ነው። ሌላ ሌላውን ልነግርህ ነው ሱቄን ዘግቼ የተቀመጥኩት።

ለምን አልደወለችም ትል ይሆናል። ብደውል በዚያ ድምፅህ ታባብለኝና የመጣሁበትን ሳልናገር እሺ ብዬ እዘጋለሁ፤ ስንት ጊዜ አድርገኸኛል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም።

ከሐምሌ ጀምሮ ስለ ደጃፍ ኩባንያ በራዲዮ ስታወራ በየጠዋቱ ሰምተንሃል። መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። ሰው በስልኩ ፎቶና ወሬ የሚለዋወጥበት ኩባንያ አክሲዮን ሊሸጥ ነው ስትል፣ የገባውም ያልገባውም ያምባችን ልጅ ነው እያለ ጆሮውን ይሰጥህ ነበር። ከዚያ ታሪካዊው ቀን አርባ ቀን ቀረው፣ ሠላሳ ዘጠኝ ቀረው ማለት ጀመርክ። የኩባንያው ባለቤት ቁርሱን ምን እንደሚበላ ነገርከን። ስለ ጫማው ሳይቀር እንግዳ ጋብዘህ አወያየህ። ሌላው ጣቢያ ብንሄድ እዚያም ደጃፍ፣ ቴሌቪዥን ብንከፍት እዚያም ደጃፍ።

ሰው ሰለቸው ምንይችል። ገበያ ውስጥ ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጠው ጣሂራ አንድ ጠዋት፣ ወላሂ የሺ፣ ይሄ ሰውዬ ሌላ ወሬ የለው? የማሽላ ዋጋ መቼ ነው የሚናገር? አለችኝ። ወንድሜ መሆንህ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌላ ቀን ደግሞ የተሳፈርኩበት የባጃጅ ልጅ፣ አይመን ይባላል፣ ድምፅህን ገና ሲሰማ፣ ኤጭ፣ ይሄ ደግሞ መጣ ብሎ ራዲዮውን ዘጋው። ከኋላ ተቀምጬ ወንድሜ ነው ሳልል ወረድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ባጃጅ በተሳፈርኩ ቁጥር ይህ ወንድሜ ነው ሳልል ወርጄ አላውቅም ነበር።

ያልሰለቸው አባባ ብቻ ነው። ታውቀዋለህ፣ ማስታወቂያ የሚባል ነገር ለእሱ የለም። አንተ ካነበብከው አንተ ያልከው ነው። ያን የዱቄት ሳሙና ያስተዋወቅህ ጊዜ እማዬን ሳሙና አስቀይሯታል፤ እጇ እየተላጠ እንኳ ልጁ ሳያውቅ አይናገርም እያለ ስንት ወር አሳጠባት። ያኔ ስቀን ነው ያለፍነው። ምነው ያኔ አስረድቼው ቢሆን እላለሁ አሁን።

የደጃፍን አክሲዮን የሚያሻሽጡ ወጣቶች አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው አምባችን ድረስ በመጡ ጊዜ እድሩ ተከፋፈለ። ለድንኳን የተጠራቀመ ገንዘብ እንደነበረን ታውቃለህ፤ አሮጌው ተቀዷል፣ አዲስ ልንገዛ ነበር። ግማሹ በዚህ አክሲዮን እንግዛበት፣ ከዓመት በኋላ ሁለት ድንኳን ይሆናል አለ። ግማሹ የማናየውን ነገር አንገዛም አለ። እንደ ደንቡ ስምምነት ሲጠፋ የሚታመን ሰው ተነሥቶ ቃሉን ይሰጣልና፣ የእድሩ ዳኛ አባባ፣ ልጄን ጠይቄ እነግራችኋለሁ፣ ለሱ ቃል ዋሱ እኔ ልሁን አለ።

በማግስቱ ሱቄ መጣ። አምባው ኔትወርክ እንደማይዝ ታውቃለህ። ጆሮው ስለደከመ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ እኔው ያዝኩለት። ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ በስልክ ሲያናግርህ ሁሌም እንደዚያ ነው። ምን ብሎ እንደጠየቀህ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። በሞቴ ልጄ፣ አንተ ብትሆን ትገዛለህ ወይ? የድሃ ገንዘብ ነው አለህ። አንተም፣ አባባ፣ እንዲህ ያለ ዕድል በትውልድ አንዴ ነው የሚመጣ፣ እንዳያመልጣችሁ አልከው። ያን ጠዋት በራዲዮ ያነበብከውን ነው፣ ቃል ሳታጎድል። ቀጥለህ ስብሰባ ላይ ነኝ ብለህ ዘጋህ። አባባ ባርኔጣውን አጥልቆ እየተፍለቀለቀ ሄደ፣ እድሩም ገዛ።

መስከረም ላይ ሽያጩ በደመቀ ቀን እልል ስትል ዋልክ። በሁለት ሳምንቱ አክሲዮኑ ከግማሽ በታች ወረደ። እኛ ከአንተ እንሰማለን ብለን ጠዋት ጠዋት ጆሯችንን ተክለን ጠበቅን። አንተ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ሠርግ ታወራ ነበር። በማግስቱም ስለ ሠርጉ። ደጃፍ የሚለውን ስም ከዚያ ወዲህ አላነሣህም።

ይህንንም ቢሆን ተሳስቶ ነው ብዬ እችለው ነበር። ግን ጥቅምት ላይ ሕሊና ደውላ ስንጫወት፣ እናንተስ ስንት ገዛችሁ አልኳት። ምንም ሳይመስላት፣ እኛማ ምንይችል ቆይተን እንየው ስላለ አልገዛንም አለችኝ። እሷን እንዳትቆጣት፣ እሷ ምንም አላጠፋችም። አባባ በስልክ የጠየቀው ጋዜጠኛውን አልነበረም፣ ልጁን ነበር። አንተ ለቤትህ ቆይተን እንየው የሚል ቃል ነበረህ፤ ለአባትህ ግን ነፈግኸው። ከዳኸን ምንይችል። ሌላ ስም ላገኝለት ብሞክር አቃተኝ።

ብዙም ሳይቆይ የእድርተኛችን የሰብለወንጌል ባል ዐረፈ። ያ የመጨረሻው ዝናብ ነበር፣ ለቀስተኛው በተቀደደው ድንኳን ሥር ረጠበ። ጎረቤታችን ዐብዱልቃድር የሰሊጥ መውቂያ ሸራውን አምጥቶ ከሬሳው በላይ ወጠረልን። አባባ በዚያ ዝናብ ውስጥ ከሸራው ውጭ ቆሞ ዋለ። ግባ ብንለው አልገባም።

ባለፈው እሑድ ኅዳር 7 እድሩ ተሰበሰበ። ማንም አልጮኸም፣ ሰዉ አክብሮ ነው የጠየቀው። ጋሽ ኪዳኔ፣ ለመሆኑ ልጅዎን ጠይቀው ነበር ወይ? አሉት። በሬያችን የሰው ማሽላ የበላ ጊዜ ማንም ሳያይ ራሱ ሄዶ የተናገረው አባታችን ተነሣና፣ አልጠየቅሁትም አለ። ከራሴ ነው የተናገርኩት፣ ልጄ በዚህ የለበትም አለ። ማኅተሙንና መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ያን ቀን ስልኩን በእጄ የያዝኩለት እኔ ሴቶቹ መሃል ተቀምጬ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም፤ ራዲዮውንም አልከፈተም።

ገንዘብ ላክ አልልህም። ቀጣዩ ስብሰባ ታኅሣሥ 5 ነው። ናና ሰዉ ፊት ቆመህ፣ ጠይቆኝ ነበር በል። እኔ ልናገር ብዬ ነበር፣ አባባ ግን በእናትሽ ብሎ አስምሎኛል። እውነቱን የሚናገር የቀረኸው አንተ ነህ።

እማዬ ጉንጭህን ስማለች፣ ለቤዚ የኑግ ጭብጦ ልካለች። ጣሂራ ለሕሊና ሰላም በይልኝ ብላለች። ሕሊናን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፣ ቤዚንም ደጋግመህ። የአባባን ሰላምታ አልጻፍኩም፤ መጻፌን አያውቅም፣ ሰላም በይውም አላለኝም። ብሎሃል ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶዬን አንሥቼ ተውኩት። ከዚህ ቤት ለአንተ ሲል የዋሸ አንድ ሰው ይበቃል።

እህትህ የሺሀረግ ኪዳኔ
አሶሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.