የላክሽው ዘይትና የእኔ ጋቢ

ለልጄ ለምኞት፣

እንዴት ከርመሻል ልጄ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የቤሩት ሙቀትስ በረደላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከጎባ ብርድና ከእናትሽ ንዝንዝ በቀር የሚያመኝ የለም። በስልክ እንዳልነግርሽ እናትሽ ስልኩን አትለቅልኝም። ባለሱቁ ረዲ ይኸው ይጽፍልኛል፤ ሳታሳምር እንዳልኩህ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ልጅሽን ሀይሚን ትተሻት ከሄድሽ አምስት ዓመት ሆነ፤ ያስተኛኋት እኔ ነኝ። ሐኪሞቹ ኦቲዝም ነው ካሉን ወዲህ፣ በጋቢዬ ጠቅልዬ በፈረስ ጋሪዬ ወደ ሮቤ መንገድ ሳንሸራሽራት ብቻ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። ሌላ ሰው አይችልባትም ነበር። አገር ያውቃል።

ከዚያ ጓደኛሽ ጁሀራ ከአንቺ ዘንድ ስትመጣ ጣት የምታህል ጠርሙስ በሻሽሽ ጠቅልላ አመጣች። የላቬንደር ዘይት ነው፣ እንቅልፍ ይጠራል አለች። እናትሽ ሁለት ጠብታ ትራሱ ላይ አድርጋ፣ ሻሹን አስይዛ ብታስተኛት፣ ልጅቷ ከምሳ በኋላ ጭልጥ አለች። ጋሪዬን ዞራ አላየችውም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሽታው ያረጋጋት ይሆናል እንጂ መድኃኒት አይደለም፣ እንዳታጠጧት ብላለች። እናትሽ ግን ለመንደሩ ሁሉ ልጄ የላከችው፣ ልጄ የላከችው! የእኔን አምስት ዓመት ያነሳ የለም።

አልደብቅሽም፣ በጠርሙስ ቀናሁ። እናትሽ ገበያ ስትወጣ ዘይቱን ሙልጭ አድርጌ ጋቢዬ ላይ ገለበጥኩትና ሀይሚን ጠራኋት። መጥታ አሸተተችኝ፤ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች፤ በሁለት እጇ ገፋችኝ። ፈረሱ እንኳ አነጠሰብኝ። እናትሽ ስትመለስ፣ አንተ ሰውዬ በዚህ ዕድሜህ ከጠርሙስ ጋር ትፎካከራለህ ወይ አለችኝ።

ዘይቱ አልቋል፣ የትራሱም ልብስ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ዛሬ ወደ እኔ መምጣቷ አይቀርም አልኩ በሆዴ። እሷ ግን ሻሽሽን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተኛች።

ለካ ዘይቱ አልነበረም የበለጠኝ፤ አንቺ ነሽ። አጠገቧ ያለሁት እኔ፣ የምታሸተው አንቺን። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን የሻሹ ሽታ እየጠፋ ነው። ትናንት ደጋግማ አሽትታ አለቀሰች። የጠመጠምሽውን ሌላ ሻሽ ሳታጥቢ በሚመጣ ሰው ላኪ። ዘይት ይቅር፤ ጋቢዬ ሦስቴ ታጥቦም አልለቀቀውም፣ ልጅቷም አትጠጋኝም። ሻሹን ግን በእጄ የምሰጣት እኔ ነኝ። እናትሽ እንዳትነካው ብለሽ ጽፈሽ ላኪ።

እናትሽ ወለተሥላሴ ሰላም ብላሻለች። ወንድምሽ ኪዳነማርያም ከአንገቱ ከተማ ትናንት ገብቷል፤ እሱም ናፍቆሻል። ረዲም ሰላም በሉልኝ ይላል። ሀይሚ ቃል ባይኖራትም ወረቀቱን በመዳፏ አስነክቻታለሁ።

አባትሽ አምባዬ
ጎባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.