የጋሽ ምትኩ ግድግዳ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ዛሬም ዝንጅብል ሳኝክ ዋልኩ። ተማሪዎቼ በአዊኛ መምህርት ድምፅሽ አረጀ አሉኝ። አንደኛ ክፍል ናቸው፣ መዋሸት ገና አልለመዱም።

የዞኑ የባህል ቡድን ፈተና ኅዳር 25 ነው። የሚፈለጉት ሁለት ሴት ድምፃውያን ብቻ። ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ "ቆይ" ስል ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

አስተማሪ ፍለጋ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ ዘፈን ኃጢአት ነው ብሎ አባረረኝ። ሌላው፣ የሰርግ ኦርጋን ተጫዋቹ፣ ድምፄን ትቶ ጉልበቴን ጉልበቴን ሲያይ ጥዬው ወጣሁ። ጋሽ ምትኩን ሳገኝ ተመስገን አልኩ። ያሉት ዳንግላ ነው፣ ድሮ የጦር ሠራዊት ባንድ ያሠለጥኑ ነበር አሉ። ከእንጅባራ ሚኒባስ ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አራት ሳምንት ሆነኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ሚኒባስ ውስጥ

ጽሑፌ ይንቀጠቀጣል፣ መንገዱ ነው። 

ልምምዱ እንዲህ ነው፦ መስኮት ይዘጋሉ፣ በሩን ደገፍ ብለው ይቆማሉ፣ እጃቸውን ያነሳሉ። እጃቸው እስኪወርድ ከፍተኛውን ድምፅ ይዤ መቆየት አለብኝ። ዛሬ እጃቸው አልወርድ አለ። ዓይኔ ጨለመ። ጉሮሮ ቆዳ ነው፣ አሽተው ካላለፉት አይለሰልስም ይላሉ። ደም ያላየ ጉሮሮ ድምፅ አያይም ይላሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አዲስ ትእዛዝም መጣ። እስከ ፈተናው አዊኛ እንዳልናገር። ከጉሮሮ ሥር እየተፋቀ ስለሚወጣ ድምፅ ያበላሻል አሉ። የማስተምረው እኮ በአዊኛ ነው ብላቸው፣ ምርጫው ያንቺ ነው አሉኝ።

ግድግዳቸው ላይ የአራት ሴቶች ፎቶ አለ፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው። እኔንም ዛሬ በስልካቸው አነሱኝ፣ ይሰቀላል። አራቱ አሁን የት እንደሚዘፍኑ ጠየቅኋቸው። ተነሺ፣ ድገሚ አሉኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ት/ቤት በሥዕልና በእጅ ምልክት አስተማርኩ። ልጆቹ ግራ ገባቸው።

እናቴ ከዘንገና ደወለች። በአማርኛ መለስኩላት።  እሷ በአዊኛ፣ የምታፍሪው ሰው አጠገብሽ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።  ኔትወርኩ ተቆረጠ ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት ነው፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ። አፈርኩ በራሴ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ማታ 12 ሰ.

ፎቶዬ ተሰቅሏል፣ አምስተኛ። ልቤ ጮቤ ረገጠ፣ አንቺን አልዋሽም።

ስመለስ የቦርሳዬ ዚፕ ተበጠሰ። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ገባሁ። ትሁኔ ትባላለች፣ ስሟና ስልክ ቁጥሯ መስተዋቱ ላይ ተጽፈዋል። አትናገርም፣ ዋጋውን በጠመኔ ጽፋ ታሳያለች። ቀና ስትል ክው አልኩ። የጋሽ ምትኩ ግድግዳ ላይ ያለችው ሁለተኛዋ ሴት ናት!

የጋሽ ምትኩን ስም ስጠራላት መቀሷን አስቀመጠች። ጆሮዬ ሥር መጥታ ስንተኛ ሆንሽ አለችኝ። ድምፅ አይባልም፣ ትንፋሽ ነው። አምስተኛ አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ለእሷም ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። አንዴ ብቻ ድገሚ አሏት፣ ደገመች፣ ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር በጠስ አለ። አለቀ። ሌሎቹ ሦስቱም ዛሬ አይዘፍኑም።

ቀናተኛ ናት ብዬ ወጣሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ስነሳ ምራቄ ላይ ደም። ቀጭን፣ እንደ ክር።

ጋሽ ምትኩ ዘንድ ደወልኩ። እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። እንኳን ደስ አለሽ! ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር። ስልኩን አስቀምጬ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ሆስፒታል። ዶ/ሩ ጉሮሮሽ አብጧል አለ። ሦስት ሳምንት አንዲት ቃል እንዳልናገር፣ ሹክሹክታም ጭምር። በዚህ ላይ ከጮኽሽበት ላይመለስ ይችላል አለ። ፈተናው ቀረ። ያለ ድምፅ አለቀስኩ። እንደዚያም ይለቀሳል ለካ።

ለእናቴ ወንድሜ እንዲያነብላት በእሱ ስልክ ላይ ጻፍኩላት። ከሰዓት ደረሰች። አንድም ነገር ሳትጠይቅ ተቀምጣ በአዊኛ ስታወራኝ ዋለች፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤት ጠብ። ጉሮሮዬ ላይ አንዳች የሚፋቅ ነገር አልነበረም። ጆሮዬ ግን አዊኛን እንዲህ ጠግቦ አያውቅም ነበር።

ለትሁኔም ጻፍኩላት። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ስድን አስተማሪ ሁኚኝ አልኳት። መጀመሪያ ዝም ማለት ተማሪ፣ ከዚያ እኔ እሰማሽና የሚጎዳሽን እነግርሻለሁ ብላ መለሰች። እስከዛሬ ሰምቶኝ የሚያውቅ አስተማሪ አልነበረኝም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.፣ ጋሽ ምትኩ በር ላይ

የመጣሁት ፎቶዬን ላወርድ ነው። ሌላ ጉዳይ የለኝም። በሩ ገና አልተከፈተም።

አግዳሚው ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ከአዘና መምጣቷ ነው፣ የመጀመሪያ ቀኗ። አፏ ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። ቀስ ብላ ታንጎራጉራለች። ወይኔ፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነው! አሁን በአዊኛ ጠየቀችኝ፣ ጥሩ አስተማሪ ናቸው ወይ አለችኝ።

አፌን ብከፍት የእኔ ይሄዳል። ባልከፍት የእሷ።

ደብተሬ፣ ይቅር በይኝ፣ ቀድጄ ለእሷ ልሰጥሽ ነው። ከውስጥ ኮቴ ይሰማኛል። ቁልፉ እየዞረ ነው። እሷም ቀሚሷን እያስተካከለች ነው።

እህቴ፣ ከኅዳር 3 ጀምረሽ አንብቢ። ሳትጨርሺ ሲጠሩሽ አትነሺ። አምስት ነን፣ ግድግዳው ላይ ለስድስተኛ ቦ…