ለሁለት ጆሮ የተነበበ ወረቀት

አሶሳ፣ ሚያዝያ ፲፰፻፺፬ ዓመተ ምሕረት

ምጽዋ ላለው፣ አብሮኝ ፊደል ለቆጠረው ወንድሜ ይድረስ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ያምህ የነበረው ዓይንህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህስ በሰላም ተገላገለች? እኔ አካሌ ደህና ነው። የቀረውን ስታነብ ትረዳዋለህ።

ወርቅ ለሚፈልግ አንድ እንግሊዝ አስተርጓሚ ሆኜ ወደ ተወለድኩበት አገር መመለሴን ሰምተሃል። መንገድ መሪያችን ረጀብ የሚባል የአገሬ ልጅ ነበር፤ ሣቂታ ሰው። ሚስቱ ዓኢሻ ትባላለች። ከእሱ በፊት እኔ ሽማግሌ ልኬባት፣ አባቷ ምጽዋ ሚሲዮን ቤት ማደጌን አንስተው «ሃይማኖቱን በውል ለማናውቀው አንሰጥም» ብለው መልሰውኝ ነበር።

በየካቲት እንግሊዙ በወባ ታሞ ዳቡስ ወንዝ ዳር ቀረ። እኛ ቀድመን ሄድን። ረጀብ የመራን የውኃ ጉድጓድ ደርቆ ተገኘና ሁለት ዘበኞች በጥም ሞቱ። የዘበኞቹ አለቃ ዋኘው «ሆን ብለህ ነው» ብሎ ረጀብን አሰረው፤ ምን እናድርገው ብሎም በእኔ እጅ ለእንግሊዙ አስጻፈ። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ረጀብን ቶሎ «ዲስፓች» አድርጉት ይላል።

በአዋጅና በሹም ደብዳቤ ውስጥ የሚገባ የከበረ ቃል ነው። ሰውን ወይም መልእክትን ባስቸኳይ መላክ ማለት ነው። ስለ ቆሰለ ፈረስ ወይም ስለ ጠላት ሲነገር ግን መግደል ይሆናል።

ዋኘው «ምን ይላል?» አለኝ።

«ይገደል ይላል» አልኩት።

ቁጡ ሰው ቢሆንም ይህን አልጠበቀም። «ተው እንጂ! ደግመህ እየው እስቲ፤ የሰው ነፍስ ነው» አለኝ።

ደግሜ አየሁት። «ይገደል ይላል» አልኩ።

ረጀብ ከታሰረበት ዛፍ ሥር በቋንቋችን ጠራኝ። «ወንድሜ፣ ወረቀቱ ምን አለ?»

«ወደ እንግሊዙ ላኩት ይላል» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ! እሱ ይሰማኛል» ብሎ ሣቀ። መንገዱ እሾህ ነውና ጫማዬን አቀብለኝ አለ። እጁ ታስሮ ስለነበር አጎንብሼ አጠለቅሁለት። ጀርባዬን እንዳዞርኩ ጥይቱ ጮኸ።

በሳምንቱ እንግሊዙ በቃሬዛ መጣ። «ረጀብ የታለ? ራሴ ልጠይቀው ላኩልኝ ብዬ ነበር እኮ» አለ። ቃሉን ሱዳን ውስጥ ከወታደሮች አፍ እንደለቀምኩት፣ ከመግደል ሌላ ትርጉም እንዳለውም እንዳላወቅሁ ነገርኩት። አዘነ፤ አመነኝም። ዋኘው እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር እጄን ይዞ «ያንተ ጥፋት አይደለም» ይለኛል። ሁለቱንም ትርጉም ያስጠናኸኝ አንተ ስለሆንክ፣ «አላወቅሁም» ማለቴን የማታምነኝ አንተ ብቻ ነህ። የምጽፍልህም ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት በገለጥኩ ቁጥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው መሀል ተቀምጬ ሳለሁ፣ «ወንድሜ፣ ምን አለ?» የሚል ድምፅ ከጎኔ ይመጣል። መልስ ይጠብቃል። ዞር ስል ማንም የለም።

ትናንት የዓኢሻ አባት አስጠሩኝ። ልጃቸው ብቻዋን መቅረቷን አንስተው፣ «ያኔ ተሳስተን ይሆናል» አሉኝ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «አንተ እዚያ ነበርክ፤ ሲሞት ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሄጄ እነግራታለሁ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም አይደለም፤ በእናቶቻችን ቋንቋ ነው። እዚያ መላክ መላክ ነው፤ መግደልም መግደል። ሦስቱ ወንድሞቿም ቤት ይኖራሉ።

አደራ፣ መልስ አትጻፍልኝ። አንተ ዘንድ የተውኳቸውን መጻሕፍት ለሚማር ስጥልኝ። ቤትህን ሰላም አይለየው፤ ልጅህን እግዚአብሔር ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

አብሮ አደግህ